ከእናታችሁ ጋር የማይጣላ ስልክ

ፍኖተ ሰላም ላይ ስልክ እጠግናለሁ። በገበያ ቀን ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው ያልተበላሸ ስልክ ነው። እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡታል፤ ቋጠሮው ሲፈታ ኔትወርክ የምታጠፋዋ የአውሮፕላን ምልክት መስታወቱ ላይ ቁጭ ብላለች። አንዴ ነካ አድርጌ አጠፋታለሁ። «ስንት ልክፈል ልጀ?» ይሉኛል፤ ምንም ስላቸው «እኔው ደንቆሮ ሆኘ ነው» እያሉ ይሄዳሉ። ይህን ያስጻፈኝ ያ አነጋገር ነው። ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ኔትወርክ ማጥፊያ ያስቀመጠው ሰው እኮ ሌላ ነው።

እና ለእናታችሁ ስልክ ልትልኩ ካሰባችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት አንድ ሰዓት ስጡት።

መጀመሪያ ነገር፣ ታች ስልክ (መስታወቱ በጣት የሚነካው) የግድ ያስፈልጋታል ወይ? የምትፈልገው መደወልና መስማት ብቻ ከሆነ ባለ ቁልፉን ግዙላት። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖኪያ 1100 ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው በውበቱ አይደለም። አቧራ የማያስገባ የጎማ ቁልፍ ነበረው፣ ከእጅ አያመልጥም፣ አናቱ ላይ ባትሪ ያበራል። ዛሬም ባለ ቁልፍ ስትመርጡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 5 ቁጥርን ዳብሱት፤ ትንሽ ጉብ ያለች ነገር መኖር አለባት። አውራ ጣት በጨለማ 5ን ካገኘ ሌሎቹን ሁሉ ያገኛል። ጉብታዋ የማትታወቅ ከሆነ አትግዙ፤ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።

ታች ከሆነ ግን ሥራው ከእጇ ይጀምራል። የእኔ እናት ጥጥ ትፈትላለች፣ በበርበሬ ጊዜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስትቀነጥስ ትውላለች። አውራ ጣቷ እንደ ቁርበት ደርቋል። የስልኩ መስታወት የሚሠራው በጣት ቆዳ በኩል በሚያልፍ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ስለሆነ ደረቅና የጠነከረ ቆዳ በደንብ አይሰማውም። ሦስት ጊዜ ትነካዋለች፣ ዝም ይላታል። በአራተኛው ተናዳ ጫን አድርጋ ትይዘዋለች፤ ያኔ ስልኩ «ምልክቱን ልታነሺው ነው» ብሎ ይገምትና የመደወያዋን ምልክት ከቦታው ያፈናቅልባታል። «ስልኩ ጠፋብኝ» ብላ በጎረቤት ስልክ የደወለችልኝ ቀን፣ ስልኩ በእጇ ነበር።

መላው ይህ ነው። ወፍራም መከላከያ መስታወት ከለጠፋችሁ አንሱት። ቅንብሮች ውስጥ የንክኪ ስሜትን የሚጨምር አማራጭ ካለ አብሩት፤ ሁሉም ስልክ የለውም። ከዚያ ተደራሽነት የሚለው ውስጥ ግቡና ነክቶ የመያዣውን ጊዜ ፈልጋችሁ ረጅም አድርጉት። ይህች አንዷ ለውጥ ብቻ እኔን ከብዙ ጣጣ ገላግላኛለች። በአውራ ጣት ፋንታ በሌባ ጣቷ ጎን እንድትነካም አሳዩዋት፤ እዚያ ያለው ቆዳ ለስለስ ይላል።

ከላይ ወደ ታች ሲሳብ የሚመጣውን ሰሌዳ ደግሞ ክፈቱና በእርሳስ ምልክቷ እያስተካከላችሁ አውሮፕላኗን አውጧት። ዋይፋዩንም፣ «አትረብሽ» የሚለውንም፣ ሁሉንም። የእጅ ባትሪው መብራት ብቻ ፊት ላይ ይቅር።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፦ ሰዓት። እናቴ ጠዋት 2 ሰዓት ስትል ስልኩ 8 ይላታል። «ይኸ ነገር ይዋሻል» ብላ ማየት ትታ ነበር፤ እውነቷን ነው። ብዙ ሰው ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ባለ ቁልፉ ላይ ምንም አይደለም፤ ታቹ ላይ ግን አንዳንድ አፕ «ሰዓትህ ተሳስቷል» ብሎ ሊያስቸግር ይችላል። ሰዓቱን አትንኩ፣ አገሩን ቀይሩ። ቀንና ሰዓት የሚለው ውስጥ ራስ-ሰር የሰዓት ሰቅን አጥፉና የአርጀንቲናዋን ከተማ ቦነስ አይረስን ምረጡ። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ አርጀንቲና 3 ሰዓት ትዘገያለች፤ መካከሉ ድፍን 6 ነው። የ24 ሰዓት አቆጣጠሩን አጥፉ፣ አለቀ። ጠዋት 2 ሲሆን ስልኩ 2 ይላል። ይበልጥ የገረመኝ ቀኑ የሚቀየረው ንጋት 12 ላይ መሆኑ ነው፤ ልክ እናቴ እንደምትቆጥረው!

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። በዚህ አሠራር ስልኩ «ጥዋት» የሚለው ቀኑን፣ «ከሰዓት» የሚለው ሌሊቱን ነው። ሌሊት 11 ላይ ለኪዳን የሚቀሰቅስ ደወል ከፈለገች 11 ከሰዓት ብላችሁ ሙሉት። እኔ ይህን ዘንግቼ እናቴን ከቀኑ 11 ላይ፣ በርበሬ መካከል አስደወልኩባት።

ስም ስትመዘግቡ እሷ በምትጠራበት ስም ይሁን፤ በመታወቂያ ስም የሚጠራ ልጅ የላትም። ፊደል ካላነበበች ፎቶ አድርጉ። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ በፎቶው አላወቀችውም፤ የወፍጮ ቤቱን በር አንስቼ ሳስገባላት ወዲያው አወቀችው። ቢበዛ ስድስት ሰው መርጣችሁ፣ አንዴ ሲነካ በቀጥታ የሚደውለውን ምልክት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደርድሩላት። ቀሪ ሂሳብ የሚታይበትን *804# ደግሞ እንደ ሰው ስልክ መዝግቡት፤ እኔ የሳንቲም ፎቶ አድርጌበታለሁ። በኮድ ደውለው በቁጥር እየመረጡ የሚገቡባቸውን አገልግሎቶች ግን «1፣ ቀጥሎ 3» ብላችሁ አታስጠኗት። ቅደም ተከተሉ አንድ ቀን ይቀየራል፣ እሷ ደግሞ ያጠናችውን አትረሳም።

አካውንት መክፈት ግድ ከሆነ የሞላችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። የቤተሰብ ስም ሲል የአባቷን ስም፣ መታወቂያዋ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳትቀይሩ። የልደት ቀን ላይ ታገሱ። እናቴ የተወለደችው በሩፋኤል ለት፣ ጳጉሜን 3 ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሄድን ጊዜ ቅጹ በእኛው አቆጣጠር ሆኖ ወር የሚመረጥበት ቦታ ነሐሴ ላይ ያልቃል። ጸሐፊዋ ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገች፣ አጣች፣ «ነሐሴ 30 ልበለው?» አለች። እናቴ «እናቴ እኮ ሦስት ቀን ጨምራ አምጣለች» አለቻት። ነሐሴ 30 ተባለ። በፈረንጅ ከሆነ ጳጉሜን 3 ሴፕቴምበር 8 ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

ሁሉን ስትጨርሱ ስልኩን ስጧትና እጃችሁን ሰብስቡ። ከባዱ ይህ ነው። ስትሳሳት አትንጠቁ፤ የት እንደተደናቀፈች ተመልክታችሁ ስልኩን አስተካክሉ። የእኔዋ መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ይሆናል ብዬ አጠገቧ ስልኬን ይዤ ጠበቅኩ። ለእህቷ ደወለች። ስለ አንዲት ላም ብዙ ተወራ፣ ካርዱ አለቀ፣ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ሳንቲሟን ነካቻት።