ቀጣዩን መጽሐፍ እንዴት እንምረጥ? ከፍቅር ታሪክ እስከ ጉዞ ማስታወሻ

ጥሩ መጽሐፍ ጨርሶ የሚቀጥለውን ማጣት አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው። ብዙ ጊዜ የምናደርገው ጓደኛን "እስቲ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ጠቁመኝ" ብሎ መጠየቅ ነው። ጓደኛም የወደደውን ይነግረናል። ገዝተን እንገባለን። ትንሽ አንብበን እንተወዋለን። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጓደኛችን የወደደበት ምክንያትና እኛ የምንፈልገው ነገር ስላልተገናኙ ነው።

እኔ የማምንበት መንገድ ሌላ ነው። ፍለጋው መጀመር ያለበት መጨረሻ ከወደዳችሁት መጽሐፍ ነው። ምን እንደያዛችሁ ለይታችሁ ካወቃችሁ፣ ያ ነገር ከአንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው ይመራችኋል። የፍቅር ታሪክ ወዳጅ የሚፈልገውን ግጥም ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ፋንታሲ፣ ማለትም የሌለ ዓለም ታሪክ፣ የሚወድ ሰው ደግሞ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ ሊያድር ይችላል። አካሄዱ እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ የያዛችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ደስ ይላል" ወይም "አሪፍ ነው" አይበቃም። ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከመጽሐፉ ውስጥ ለሌላ ሰው ያወራሁት የትኛውን ክፍል ነው? ሰው ውስጡ የቀረውን ነገር ሳያስበው ያወራዋል። ያ ክፍል ጠብ ነው? የአንድ ቦታ መልክ ነው? የአንድ ሰው ንግግር ነው? መልሱን በስልካችሁም ሆነ በወረቀት ላይ አስፍሩት።

በምሳሌ ላሳያችሁ። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. የታተመ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ነው። ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። አራት ሰዎች ይህን መጽሐፍ ወደዱት እንበል። አንዷ የያዛት የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር፣ በተለይም በመሃላቸው የቆመው የዘርና የማዕረግ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው ከጉዱ ካሳ አልተላቀቀም፤ ከገዛ ወገኑ ጋር የሚከራከር ሰው ይማርከዋል። ሦስተኛዋ የጎጃምን ገጠር፣ ድግሱንና የቤተ ክህነቱን ትምህርት እያየች ያለች መሰላት። አራተኛውን የያዘው ቋንቋው ነው፤ አንዳንዱን አንቀጽ እየተመለሰ ያነበዋል። አራቱም "የምወደው መጽሐፍ" ብለው የሚጠሩት አንድ ርዕስ ነው። ቀጣይ መጽሐፋቸው ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

ከዚሁ ጋር የዘለላችሁትንም ጻፉ። ረጅም ገለጻ ሲመጣ ገጽ ትገለብጡ ነበር? ወይስ ንግግር ሲበዛ ሰለቻችሁ? ይህ ከወደዳችሁት ነገር እኩል ይጠቅማል። መጽሐፍ ሻጭ ፊት ስትቆሙ ምርጫውን በግማሽ የሚቀንስላችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ያንን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ወደ ሌላ መደርደሪያ ሂዱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው።

የያዛችሁ ፍቅሩ ከሆነ፣ "የፍቅር መጽሐፍ ስጠኝ" ከማለታችሁ በፊት ፍቅሩን የሚያስጨንቀው ነገር ምን እንደሆነ አስቡ። መደብ ነው? ጦርነት ነው? ፍቅርን በጦርነት መሃል ማየት ለምትፈልጉ "ኦሮማይ"ን የሚያክል አላውቅም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ይሄዳል፤ የሚወዳትን ፍያሜታንም እዚያ ያገኛታል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ታገደ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን እያወቁ ማንበብ እያንዳንዱን ገጽ ያከብደዋል።

ከትርጉም ሥራዎች ደግሞ "ነገም ሌላ ቀን ነው" አለ። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። ይህም ፍቅርና ጦርነት ነው፤ አገሩ ግን አሜሪካ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስማቸው የገነነ የአማርኛ የፍቅር ልብ ወለዶች ብዙዎቹ በሐዘን ያልቃሉ። ልባችሁ በአሁኑ ሰዓት ያንን የማይችል ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት "መጨረሻው ደህና ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

የያዛችሁ ቦታው ከሆነ፣ ወደ ጉዞ መጻሕፍት ሂዱ። ከልብ ወለድ በአንዴ መራቅ ለሚከብዳችሁ ጥሩ መሸጋገሪያ አለ። የፍቅረ ማርቆስ ደስታ "ከቡስካ በስተጀርባ" በደቡብ ኦሞ፣ በሐመር ምድር የሚያልፍ ልብ ወለድ ነው። የዓለማየሁ ዋሴ "እመጓ" ደግሞ ወደ መንዝ ይወስዳችኋል፤ ጉዞና ምሥጢር የተጣመሩበት ነው። ከእነዚህ በኋላ እውነተኛ የጉዞ ማስታወሻ ማንበብ አይከብዳችሁም። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ዴርቭላ መርፊ አለችላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከምጽዋ ተነስታ አብዛኛውን መንገድ በእግሯ፣ ጭነቷን በበቅሎ አድርጋ አዲስ አበባ የገባች አየርላንዳዊት ናት።

የያዛችሁ ምናብ ከሆነ፣ ማለትም የሌለ ዓለም፣ ምሥጢራዊ ኃይል፣ የማይታመን ጀብዱ፣ በአማርኛ የፋንታሲ መደርደሪያ የፍቅሩን ያህል አልሞላም። ስለዚህ በጎን በኩል መግባት ያስፈልጋል። ብዙ ወጣት አንባቢ የገባው በይስማዕከ ወርቁ "ዴርቶጋዳ" ነው። የጣና ገዳማትን፣ ስለላንና ሳይንስን አንድ ላይ ያመጣል። ከወደዳችሁት ታሪኩ በ"ራማቶሓራ" ይቀጥላል፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ሌላው መግቢያ ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጄሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ያየውን ጻፈ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ያንን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና እ.ኤ.አ. በ1735 ታተመ። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። አገሪቱ ግን ከሐሳቡ አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ1759 "ራሴላስ" የተባለውን ታሪክ አሳተመ። ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ያደገ የኢትዮጵያ ልዑል፣ ደስታ የት እንዳለ ሊፈልግ ከእህቱና ከአንድ ገጣሚ ጋር ወደ ካይሮ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ሲራክ ኅሩይ ይህንኑ ወደ አማርኛ መለሱት። የሲራክ አባት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ራሳቸው ጃፓን ተጉዘው "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን"ን በ1924 ዓ.ም. ያሳተሙ ሰው ናቸው። አያችሁ? ከጉዞ ወደ ምናብ፣ ከምናብ ወደ ትርጉም፣ ከትርጉም ተመልሶ ወደ ጉዞ። አንድ መጽሐፍ ሌላውን የሚወልደው እንዲህ ነው። የኅሩይ አማርኛ የጥንት ስለሆነ ለጀማሪ የጉዞ አንባቢ አልመክርም። ቋንቋ ለሚወድ ግን ድግስ ነው።

የያዛችሁ ቋንቋው ወይም ከማኅበረሰቡ ጋር የሚከራከረው ሰው ከሆነ፣ መድረሻችሁ ግጥም ነው። ብዙ ሰው ግጥም የሚፈራው ትምህርት ቤት እንደ ፈተና ስለቀረበለት ይመስለኛል። በትልቁ ስም መጀመር ግድ የለም፤ በስሜታችሁ ጀምሩ። የሚያስገመግም፣ መድረክ ላይ የሚነበብ ዓይነት የምትወዱ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን "እሳት ወይ አበባ" (1966 ዓ.ም.) ያዙ። ዝግ ያለና ወደ ውስጥ የሚያይ የምትፈልጉ የደበበ ሰይፉን "የብርሃን ፍቅር" ሞክሩ። ከተለመደው ቤት አመታት የወጣ ነገር የሚማርካችሁ የሰሎሞን ዴሬሳ "ልጅነት" (1963 ዓ.ም.) ይሆናችኋል። ከአገር ርቃችሁ የምትኖሩ ደግሞ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን አትለፉት። አሜሪካ ውስጥ ነው ያረፈው፤ "መንገድ ስጡኝ ሰፊ" የተሰኘው መድበሉ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። "ሀገሬ" የሚለውን ግጥሙን በስደት ሆኖ ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቆማችሁ ፈትኑት

የኋላ ሽፋኑን አትመኑ። እዚያ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የወዳጅ ምስጋና ነው። ልብ ወለድ ከሆነ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡ፣ ከዚያ መሃሉን ገልጣችሁ ሰዎች የሚነጋገሩበት ቦታ ፈልጉ። ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ የሚናገር ከሆነ መልሱት።

ለግጥም መድበል ሦስት ግጥም ይበቃል፤ አንዱ በጣም አጭሩ ይሁን። ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡት። ከሱቁ ስትወጡ አንድ ስንኝ ካልለቀቃችሁ ተመልሳችሁ ግዙት።

የጉዞ መጽሐፍ ላይ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ጉዞው የተደረገበት ዓመትና መጽሐፉ የታተመበት ዓመት የተለያዩ ናቸው፤ የዘመን አቆጣጠሩም የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ የሚለውን ልብ በሉ። ሁለተኛው፣ ተጓዡ ከሰው ጋር ያወራል? ስለ ራሱ ድካም ብቻ የሚያወራ ተጓዥ ቶሎ ይሰለቻል።

አራተኛ፦ የት ይገኛል?

አዲስ አበባ ውስጥ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና መርካቶ መጽሐፍ አይጠፋም። መጽሐፍ ተሸክመው ካፌ ለካፌ የሚዞሩትን አዟሪዎች አትናቋቸው። ብዙዎቹ ማን ምን እንደሚወስድ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጥያቄያችሁን ግን አስተካክሉ። "ምን አዲስ ነገር አለ?" ካላችሁ አዲሱን ይሰጧችኋል። "ኦሮማይን የወደደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ምን ይወስዳል?" በሏቸው።

አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ገጾቹን ቁጠሩ፤ መጨረሻው የጎደለ ብዙ ነው። ፊደሉ የደበዘዘና ወረቀቱ የሳሳ አዲስ መጽሐፍ ካያችሁ ደግሞ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተባዛ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም የሚዞረው ስካንም እንደዚያው ነው። ደራሲው በሕይወት ካለ መጽሐፉን ግዙለት፤ የሚቀጥለውን የሚጽፍላችሁ እሱ ነው።

ዋጋው ከከበዳችሁ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከገበያ የጠፋ የቆየ መጽሐፍ ለማየት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ወመዘክርን፣ የሚያክል የለም። አራት ኪሎ ያለው አብርሆትም በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተቀምጦ ለማንበብ ምቹ ነው። የሚያከራዩ ሱቆችም ስላሉ በሰፈራችሁ ጠይቁ። ለግጥም ደግሞ ከማንበብ በፊት መስማት ይቀላል። በራስ ሆቴል ሲቀርብ እንደኖረው ግጥም በጃዝ ዓይነት መድረክ ስታገኙ ሂዱ። የወደዳችሁትን ገጣሚ ስም ያዙና መድበሉን ፈልጉ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ እንጀራና ቅመም የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች ውስጥ መጽሐፍ ካለ ጠይቁ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ የግጥም መድበልና ቀጭን የጉዞ ማስታወሻ አስመጡ፤ ሻንጣ ላይ አይከብድም።

አምስተኛ፦ ሁለት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ያዙ

አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሁን። ልብ ወለዱን ማታ፣ ግጥሙን ታክሲ ሰልፍ ላይ። ሃምሳ ገጽ አንብባችሁ ልብ ወለዱ ካልያዛችሁ ተዉት፤ ዕዳ የለባችሁም። ግጥም ግን በዚህ ሕግ አይመዘንም። ከመሃል ጀምሩ፣ ዝለሉ፣ ከወር በኋላ ተመለሱ።

ስትጨርሱ ደግሞ መጽሐፉን ከመዝጋታችሁ በፊት መግቢያውንና ምስጋናውን እንደገና እዩ። ደራሲዎች ያነበቡትን፣ የተማሩበትን፣ የተከራከሩትን ሰው ስም እዚያ ያነሳሉ። መጀመሪያ ስታነቡት ምንም ያልነገራችሁ ስም አሁን ትርጉም ይኖረዋል። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ አጠገብ አስፍሩትና በሚቀጥለው ጊዜ ወደ መጽሐፍ ተራ ስትወጡ እሱን ጠይቁ።