«ሞዴሌ አሸነፈ» ከማለታችሁ በፊት፦ የግሽበት ትንበያ ሞዴሎች ሲወዳደሩ የሚሠሩ ስህተቶች

የግሽበት ትንበያ ሞዴሎችን የሚያወዳድሩ ጥናቶች እንዳነባቸው በየጊዜው ይላኩልኛል። መልካቸው አንድ ነው፦ አሪማ፣ ቫር፣ ኤአርዲኤል (ካለፉት ቁጥሮች ተነስተው መጪውን የሚገምቱ የስታቲስቲክስ ሞዴሎች)፣ አሁን አሁን ደግሞ አንድ የማሽን ለርኒንግ ሞዴል ይጨመርበታል። መጨረሻ ላይ የየሞዴሉን የትንበያ ስህተት መጠን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፤ ትንሿ ቁጥር ደምቃ ተጽፋለች። እኔ ከሰንጠረዡ በፊት የማየው ውድድሩ በምን ሕግ እንደተካሄደ ነው። ብዙ ጊዜ አሸናፊው ያሸነፈው ሕጉ ስለተጣሰለት ነው።

በአር-ስኩዌር መርጦ «ትንበያ» ማለት

አር-ስኩዌር ሞዴሉ የተገመተበትን ዳታ ምን ያህል እንደተከተለ የሚለካ ቁጥር ነው፤ ያንን ዳታ መልሶ መከተል ግን ትንበያ አይደለም። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዓመታዊ ግሽበትን አንድ ወር ቀድሞ ተንብዮ መኩራት

ይሄኛው ትዕግሥቴን ጨርሶታል። የሚቀጥለውን ወር ዓመታዊ ግሽበት ስትተነብዩ ከአሥራ ሁለቱ ወራት የአሥራ አንዱ የዋጋ ለውጥ ቀድሞውኑ እጃችሁ ላይ ነው፤ የማታውቁት የአንዱን ወር ብቻ ነው። በቁጥር እንየው። የአሥራ አንዱ ወራት ጭማሪ ሲደመር 9 በመቶ ነው እንበል (ለማቅለል ብለን ዝም ብለን እንደምር)። ሞዴሉ ለቀሪው ወር 0.5 በመቶ ገመተ፤ የመጣው ግን 1.5 ሆነ። በዓመታዊው ሲታይ 9.5 ተብሎ 10.5 መጣ። ግራፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተጣብቀው ይሄዳሉ፣ ጸሐፊውም «ሞዴሉ የግሽበቱን አካሄድ በሚገባ ይከተላል» ብሎ ይደመድማል። ሞዴሉ እንዲያውቀው ከተጠየቀው ብቸኛ ነገር ግን ያገኘው ሲሶውን ነው!

ነገሩ በዚህም አያበቃም። «ያለፈው ወር ዓመታዊ ግሽበት ይቀጥላል» የሚለው ተራ ተወዳዳሪ፣ ከስሌቱ የሚወጣውን የአምናውን ተመሳሳይ ወር አይቶ እንዲያስተካክል አልተፈቀደለትም። የአምናው ወር ዋጋ ያሻቀበበት ከነበረ ዘንድሮ ቁጥሩ መውረዱ የታወቀ ነው። የአሥራ ሁለት ወር ወደኋላ ዳታ ያለው ሞዴል ይህን መቀነስ አውቆ ያሸንፋል። ይሄ ኢኮኖሚክስ ሳይሆን ሒሳብ ነው። አንድ ወጣት ተንታኝ እንዲህ ያለ የሚያምር ግራፍ ይዞ መጥቶ፣ ያንኑ ትንበያ በወርሃዊ ለውጥ ሣልልኝ አልኩት። ሣለው። የሞዴሉ መስመር አማካዩ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቷል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከላይና ከታች ይዘላል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ማንም አልነገረውም ነበር። ስለዚህ ውድድሩ ገና ባልታወቁት ወራት ጭማሪ ላይ ይሁን፤ ዓመታዊውን ማሳየት ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ደምሩት።

ነገን ሰርቆ ዛሬን መተንበይ

ኮዱን ስከፍተው ከላይ፣ ገና ዳታው እንደተጫነ፣ የሆድሪክ-ፕሬስኮት ማጣሪያ (የረጅም ጊዜ አዝማሚያን ከአጭር ጊዜ መዋዠቅ የሚለይ ስሌት) በጠቅላላው የዳታ ተከታታይ ላይ ይሠራል። «ከናሙና ውጪ» (ሞዴሉ ባላየው ዳታ ላይ) የተባለው ትንበያ የሚጀምረው ብዙ መስመሮች ወርዶ ነው። ማጣሪያው ወደፊትም ወደኋላም የሚያይ ስለሆነ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ላይ ቆሜያለሁ የሚለው ሞዴል የምርት ክፍተቱን (ምርት ከአዝማሚያው ያለውን ርቀት) ያገኘው የ2016ን እና የ2017ን ምርት አይቶ ነው። ኦርፋኒደስና ቫን ኖርደን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የአሜሪካን ዳታ ይዘው እንዳሳዩት፣ በክፍተቱ ግምት ላይ ቆይቶ የሚደረገው ማሻሻያ የራሱን የክፍተቱን ያህል ይሆናል። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት የሚደጋገመውን መዋዠቅ ለማውጣት በሙሉ ዳታ የተሠራ የወቅት ማስተካከያም ያው ነው። ተንታኙ የሚያየው በዕለቱ የሚታወቀውን ብቻ ይሁን፤ ማጣሪያውም ማስተካከያውም ትንበያው በየወሩ ወደሚደጋገምበት የኮድ ክፍል (ሉፕ) ውስጥ ይግባ።

የባሰው ደግሞ አለ፦ የመጪውን ዓመት ትክክለኛ የነዳጅ ዋጋና የምንዛሪ ተመን ለሞዴሉ አጉርሶ ግሽበቱን «መተንበይ»። ምንዛሪውን አስቀድማችሁ የምታውቁ ከሆነ ግሽበት መተንበይ ምን ያደርግላችኋል?

ደካማ ተጋጣሚ መምረጥ

በ2001 እ.ኤ.አ. አትኬሰንና ኦሃኒያን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች አንድ አሳፋሪ ነገር አሳዩ፦ ያለፉት አራት ሩብ ዓመታት ግሽበት ለመጪዎቹ አራት ይደገማል የሚል ተራ ግምት፣ በአሜሪካ ዳታ ላይ በፊሊፕስ ኩርባ ሞዴሎች (ግሽበትን ከሥራ አጥነት ጋር በሚያያይዙት) አልተበለጠም። ከዚያ ወዲህ ይህን ዓይነት ተወዳዳሪ ያላካተተ ሰንጠረዥ አላነብም። ወርሃዊው ቁጥር ወቅት እየጠበቀ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የአምናውን ተመሳሳይ ወር የሚደግም ተወዳዳሪ ጨምሩ።

የሌላ ሰው ስህተት መጠን ከራስ ጋር ማስተያየት

«እገሌ 2.1 አግኝቷል፣ እኔ 1.3» አይባልም። ኢኮኖሚስቶቹ ስቶክና ዋትሰን በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በአሜሪካ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የትንበያ ስህተት ራሱ አንሷል፤ ተራውን ግምት መብለጥ ግን ከባድ ሆኗል። ዘመኑ ጸጥ ካለ የሁሉም ስህተት ይቀንሳል።

ሁለት አሥርዮሽ ላይ መጨፈር

1.39 ከ1.42 ያንሳል፤ ታዲያስ? በአርባ ትንበያዎች ላይ ይህ የዕድል ልዩነት ሊሆን ይችላል። የሁለት ትንበያዎች የስህተት ልዩነት ከዕድል በላይ መሆኑን የሚመረምረው የዲቦልድ-ማሪያኖ ፈተና ለዚህ ነው የተሠራው። የአሥራ ሁለት ወር ትንበያ ስህተቶች እርስ በርስ ስለሚደራረቡ ስታንዳርድ ኤረሩ (የልዩነቱ እርግጠኛ አለመሆን መለኪያ) ያን ማገናዘብ አለበት። ትንሹ ሞዴል በትልቁ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ (ለምሳሌ ኤአር በሚባለው፣ ግሽበትን ከራሱ ካለፉት ቁጥሮች ብቻ በሚገምተው ሞዴል ላይ የገንዘብ አቅርቦት ሲጨመር) ፈተናው በቀጥታ አይሠራም፤ የክላርክና ዌስትን የ2007 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ ተመልከቱ።

ሌላም እዚሁ ላይ፦ ስህተት በራሱ ሲባዛ (ስኩዌር ሲደረግ) የ5 ነጥብ መሳት የ1 ነጥብ ሃያ አምስት መሳቶችን ያህል ይመዝናል። ሞዴላችሁ ያሸነፈው ሁለት የቀውስ ወራት ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን ሞዴሎች በራሱ የተባዛ ስህተት ልዩነት በጊዜ እየደመራችሁ ሣሉት፤ መስመሩ ቀስ ብሎ ከወጣ ጥሩ፣ አንድ ቦታ ዘሎ ከቀረ ግን ያቺን ወር መርምሩ።

ግሽበት ወደ ዜሮ ሲጠጋ በመቶኛ ስህተት መለካት

ለዜሮ የተጠጋ ቁጥር አካፋይ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

አንድ አሸናፊ ለሁሉም ርቀት

ርቀት ማለት ትንበያው ስንት ወር ቀድሞ እንደሚሠራ ነው፤ ለአንድ ወር የሚያሸንፈው ለአሥራ ሁለት ወር ላይሆን ይችላል። ለየርቀቱ ለየብቻ ዘግቡ።

ተሸናፊዎቹን መጣል

ተመራማሪዎቹ ባትስና ግሬንጀር ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንበያዎችን ማቀናጀት ስህተትን እንደሚቀንስ አስተምረውናል፤ ተራው አማካይ በረቀቀ ክብደት ከሚሠራው ጥምረት ብዙ ጊዜ አያንስም። ሰንጠረዡ ላይ ለአማካዩ አንድ ረድፍ ጨምሩ። ደማቋን ቁጥር ከሞዴላችሁ ቢወስድባችሁም ረድፉን አትሰርዙት።