ደም ግፊትን ቤት ውስጥ መለካት፦ ከመሣሪያው በፊት ወንበሩንና ክንዱን

ጠዋት ቤት ውስጥ 152 በ94፣ ከሰዓት ጤና ጣቢያ 134 በ84። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲመጣ ቶሎ የሚታማው መሣሪያው ነው፤ “ይሄ ዕቃ ያበዛል” ይባልና መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። ሰውዬው ሶፋ ላይ ሰምጦ፣ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ እያወራ ነው የተለካው። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው ጤነኛውን ሰው ታማሚ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ ማየት ይጠቅማል።

ዐዋቂ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ልቡ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ደም ይረጫል። ልብ ሲኮማተር ደሙ የደም ቅዳ ቧንቧዎችን ግድግዳ የሚገፋበት ከፍተኛው ኃይል የላይኛው ቁጥር ነው። ልብ ላላ ብሎ እንደገና ሲሞላስ ግፊቱ ለምን ዜሮ አይገባም? ከልብ የሚነሣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ተለጥጦ ስለነበር እየተሰበሰበ የያዘውን ደም ወደፊት መግፋቱን ይቀጥላል። ቀጣዩ ምት ከመምጣቱ በፊት የሚቀረው ዝቅተኛ ግፊት የታችኛው ቁጥር ነው። ዕድሜ ሲገፋ አኦርታ ይደርቃል፣ መለጠጡ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የላይኛው እየወጣ የታችኛው እየወረደ ይሄዳል። 165 በ70 የወጣላቸውን አዛውንት “ታችኛው ደህና ነው፣ ችግር የለም” ብሎ ማጽናናት ስሕተት ነው። በዚያ ዕድሜ ይበልጥ የሚያሳስበው የላይኛው ነው።

መለኪያው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 120 ማለት በቱቦ ውስጥ ያለን ሜርኩሪ 12 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ የሚገፋ ግፊት ነው፤ በሜርኩሪ ምትክ ውኃ ቢሆን 1 ሜትር ከ63 ሳንቲ ሜትር ይወጣ ነበር። ደምም እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ክብደት አለው። ክንዱ ከልብ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ በመካከል ያለው ደም ክብደት ብቻውን ቁጥሩን ወደ 8 ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ በዚያው ልክ ከልብ ከፍ ካለ ደግሞ ይቀንሰዋል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ክንዱ ውስጥ ያለውን ግፊት በትክክል ነግሮናል። እኛ የምንፈልገው ግን በልብ ከፍታ ላይ ያለውን ነው።

እንግዲህ ከወንበሩ ይጀምሩ። መደገፊያ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ከሁሉ ይሻላል። በርጩማ ጀርባን አይደግፍም፤ ጀርባ ካልተደገፈ ጡንቻ ይሠራል፣ ግፊትም ይጨምራል። ሶፋ ሆድን ያጥፋል፣ ፊቱ ያለው ጠረጴዛም አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ክንዱ ሥር ትራስ ደራርቡ፤ የካፉ (ክንድ ላይ ተጠምጥሞ አየር የሚነፋው ማሰሪያ) መካከል ከጡት ጫፍ ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። ክንዱ በራሱ ኃይል አየር ላይ መቆየት የለበትም። ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ፤ እግር ማጣመር ብቻውን ጥቂት ነጥብ ይጨምራል።

ቀጥሎ የካፉ ልክ፤ ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ያለውን ለሁለት ከፍለው፣ መካከሉ ላይ የክንዱን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ካፉ ላይ “22–32 ሳ.ሜ” የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። ክንዱ 36 ከሆነ ያ ካፍ አይሆነውም፤ ትልቁን መግዛት ያስፈልጋል። ጠባብ ካፍ ጫናው ሥጋውን አልፎ ከውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ በደንብ ስለማይደርስ፣ ቧንቧውን ለመዝጋት ከሚገባው በላይ መነፋት አለበት፤ ቁጥሩም ያለአግባብ ይወጣል። ይህ አሮጌ ችግር ነው። ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካፍ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለነበር ቁጥር ያበዛ ነበር፤ በ1901 ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሬክሊንግሃውዘን አስፍቶ አስተካከለው።

ካፉ የሚታሰረው በባዶ ክንድ ላይ ነው። ወፍራም ሹራብ ወይም ጋቢ ላይ ማሰር አይሆንም፤ የጠበበ እጅጌ ወደ ላይ መጠቅለልም አይበጅም፣ ራሱ እንደ ማሰሪያ ክንዱን ያንቀዋል። እጁን ያውጡ። የካፉ የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ቀስቱ ወይም ቱቦው በክርኑ ውስጠኛ በኩል የደም ምት በጣት የሚዳሰስበት መስመር ላይ ይዋል። ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት በሥሩ መግባት አለበት።

ሰውነትም ይዘጋጅ። ከመለካት በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራና አድካሚ ሥራ አይኑር። ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት ቤት 30 ደቂቃው የሚቆጠረው ከበረካ በኋላ ስለሆነ፣ ከአቦሉ በፊት መለካት ይቀላል። ሽንት ከያዘ ይሸና፤ የሞላ ፊኛ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ከዚያ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። አንገትና አኦርታ ላይ ግፊትን የሚከታተሉ ነርቮች ስላሉ ሰውነት በየሰከንዱ ያስተካክላል፤ ደረጃ ወጥቶ ወይም ስልክ ላይ ተቆጥቶ ለመጣ ሰው ግን ያ ሁሉ እስኪረጋጋ ጊዜ ያስፈልጋል። ካፉ ሲነፋ ወሬ ይቁም። እናት “ስንት አለ?” ብለው መሐል ላይ ከጠየቁ ይጨርስና፣ ያ ቁጥር ተጥሎ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ።

በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ሐኪሙ በማዳመጫ የሚሰማውን፣ ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮፍ በ1905 እ.ኤ.አ. የገለጸውን ድምፅ አይሰማም። ካፉ ሲተነፍስ የቧንቧው ምት የሚፈጥረውን ትንሽ የአየር መርገብገብ ነው የሚከታተለው። መርገብገቡ ከሁሉ የሚበረታበትን ነጥብ ይይዝና የላይኛውንና የታችኛውን በስሌት ያወጣል። ስለዚህ የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ሦስት ጊዜ መለካትና ለሐኪም መንገር ይገባል። ጣት ማንቀሳቀስም ያሳስተዋል። አንጓ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ከፍታው በቀላሉ ስለሚዛነፍ የክንዱን ይምረጡ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንድ ይለኩ፤ ከፍ ያለው በኩል ከዚያ ወዲያ የዘወትር ይሆናል። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ15 በላይ ከሆነ ሐኪም ይወቀው። ከዚያ ለ7 ቀን ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡ በፊትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ይለካ። የመጀመሪያው ቀን ይጣል፤ ከቀሩት 24 ቁጥሮች አማካዩ ይወሰድ። 137ን “140 በሉት” ማለት የለም፣ የወጣው ይጻፍ። የመሣሪያው ሰዓት በፈረንጆች ስለሆነ እዚያ 7፡00 የሚለው የእኛ 1 ሰዓት ነው፤ ደብተሩ ላይ አንዱን ብቻ ይያዙ፣ አለዚያ ጠዋቱና ማታው ይደባለቃል።

የቤት አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤና ተቋም ከሚለካው 140 በ90 ጋር የሚስተካከል ነው፤ ደብተሩን ይዞ መሄድ ይገባል። አሜሪካ ያለ ዘመድ በ130 በ80 “ግፊት አለብሽ” ቢል አይደንቅ፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አገር መስፈርቱ እሱ ነው። መድኃኒት በራስ መጨመርም ማቆምም በአንድ ቀን ቁጥር አይወሰን።

180 በ120 ከወጣ 5 ደቂቃ ዐርፎ እንደገና ይለካ። እንዲያው ከጸና፣ ምንም ባይሰማም በዚያው ቀን ሐኪም ማናገር ነው። ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከአንድ ወገን ድካም፣ ከንግግር መተሳሰር ወይም ከዕይታ መጥፋት ጋር ከመጣ ግን ድጋሚ ለመለካት አይቀመጡ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መሣሪያውን በዓመት አንድ ጊዜ ጤና ተቋም ወስዶ ከእነሱ ጋር ማነጻጸር ነው። ካፉ ሳይሞላ የሚተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ የቱቦውን መሰኪያና መሰንጠቅ ይዩ፣ ቀጥሎ ባትሪውን ይቀይሩ። ቱቦውን መሣሪያው ላይ አጥብቆ ጠምጥሞ ማስቀመጥ ቶሎ ያሰነጥቀዋል።