የቮልስ ሞተር ሲወርድ፦ ሮከር አርሙ ይቀየር ወይስ ይመለስ?

የቮልስ ሞተር ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲበተን ሁሉም የሚያወራው ስለ ፒስቶንና ስለ ቴስታታ (ቫልቮቹ ስላሉበት የሞተሩ ራስ) ነው። ቫልቩን እየተጫነ የሚከፍተው ክንድ፣ ሮከር አርም፣ ትዝ የሚለው ሊገጠም ሲል ነው። «እነዚህንስ ምን እናድርጋቸው?» ይባላል። አንዱ መካኒክ «ምንም አልሆኑም፣ አጥበህ መልሳቸው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሞተር ካወረድክ አይቀር ሁሉንም ቀይር» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በቅጡ ሳያዩ ነው የሚናገሩት።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። በቮልስ ሞተር ላይ ቶሎ የሚያልቀው ሮከሩ ራሱ አይደለም። ቀድመው የሚያልቁት ሮከሩን የተሸከመው ሻፍት (ዘንግ) እና ሮከሩ ጫፍ ላይ ያለው ማስተካከያ ቡሎን ናቸው። ስለዚህ ስምንቱንም ሮከር ጥሎ አዲስ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። አንዳንዴም ጥሩውን ሰጥቶ መጥፎውን መቀበል ነው። ሳያዩ መመለስ ግን ከዚያ የባሰ ነው።

እዚህ የማወራው በአየር ስለሚቀዘቅዙት የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮች ነው።

ሳይታጠብ በፊት ይታይ

በያንዳንዱ ቴስታታ ላይ አንድ ሻፍት አለ። እሱ ላይ አራት ሮከሮች ተሰክተዋል። ሻፍቱን የያዙት ሁለት ዳዶዎች ናቸው። አንዱን ጨርሰህ ፈትተህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ ከስር የቫልቭ ሞላ እየገፋ ነው። ሁለቱንም ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያላላህ አውጣቸው።

ከዚያ ቁጥር ስጣቸው። ሮከሩም፣ ሮከሩን ከስር የሚገፋው ፑሽ ሮድም፣ ሮንዴላዎቹም በነበሩበት ቅደም ተከተል ሽቦ ላይ ይሰኩ። እያንዳንዱ ሮከር ከራሱ ፑሽ ሮድና ከራሱ የሻፍት ቦታ ጋር ተላምዷል። ስምንቱን አንድ ላይ ናፍጣ ውስጥ ከዘፈዘፍካቸው በኋላ የቱ የየት እንደሆነ ማን ይነግርሃል?

ሌላም ምክንያት አለ። ቆሻሻው ራሱ ይናገራል። ሰባቱ በዘይት ረጥበው አንዱ ደርቆ ቡናማ ከሆነ፣ ችግሩ የት እንዳለ አወቅህ ማለት ነው። በቤንዚን ካጠብከው ግን ስምንቱም እኩል ያበራሉ።

ምልክት፦ ቫልቭ ተስተካክሎም ቲክ ቲክ አይጠፋም

ይሄ በጣም የተለመደው ቅሬታ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በቡሎኑና በቫልቩ ጭራ መካከል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ተደርጓል። ክፍተት መለኪያው ፊለር ጌጅ በትክክል ያልፋል። ሞተሩ ሲነሳ ግን እንደበፊቱ ይጮሃል። ያኔ «ሮከሩ አልቋል» ይባላል።

ማስተካከያ ቡሎኑን ነቅለህ ጫፉን ብርሃን ላይ እየው። በቮልስ ይሄ ቡሎን ያለው በቫልቩ በኩል ነው፤ በቀጥታ የቫልቩን ጭራ ይመታል። ደህና ከሆነ ጫፉ ለስላሳና ያለ ጉድፍ ነው። ያለቀ ከሆነ መሃሉ ላይ ክብ ጎድጓዳ ታያለህ፤ አንዳንዱ በጥፍር ይያዛል። ሚስጥሩ ያለው እዚህ ነው። ፊለር ጌጅ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። ከላይ ከላይ፣ በጠርዙ ላይ ነው የሚያልፈው። ጎድጓዳው 0.10 ሚሊሜትር ጥልቀት ካለው አንተ 0.15 ብለህ ያሰርከው ክፍተት በተግባር 0.25 ነው። ቢስተካከል፣ ቢስተካከል ድምፁ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ቡሎኑን መቀየር ነው። ከሮከር ሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ ስምንቱንም አንዴ ቀይራቸውና ተገላገል። በድንጋይ ልሳለው፣ ልሞርደው አትበል። ጠንካራው ክፍል ስስ የላይ ሽፋን ብቻ ነው። እሱን ካነሳህ ከስር ያለው ለስላሳ ብረት ብዙም ሳይቆይ ይጎደጉዳል።

የቫልቩንም ጭራ እይ። እሱ ተቦርቡሮ አዲስ ቡሎን ብታስር አዲሱም ቶሎ ይበላሻል። ትንሽ ከሆነ ቴስታታ የሚሠራልህ ቤት በማሽን ያስተካክለዋል። ከባሰ ቫልቩ ይቀየር፤ ቴስታታው ወርዶ እያለ ካልተቀየረ መቼ ሊቀየር ነው?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ቡሎኑ የቫልቩን ጭራ መሃል ለመሃል አይመታም፤ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ታስቦበት የተሠራ ነው። ቫልቩን በየምቱ ትንሽ ትንሽ ያዞረዋል፣ ስለዚህ በአንድ ቦታ አያልቅም። ሻፍቱን ሲያስር «መሃል ላይ ላምጣልህ» የሚል ካጋጠመህ አመስግነህ ተወው።

ቲክ ቲክ የሚለው ሁሉ ቫልቭ እንዳይመስልህም። የጭስ ማውጫው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲነፍስ በትክክል የቫልቭ ድምፅ ያወጣል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ይብሳል፣ ዳገት ላይ ይጮሃል። እዚያ አካባቢ ጥቁር ጥላሸት ካየህ ሮከሩን ለቀቅ አድርገው።

ምልክት፦ ሮከሩ ሻፍቱ ላይ ይወላገዳል

ሮከሩን በሁለት ጣት ይዘህ ወደላይና ወደታች ወዝውዘው። በሻፍቱ ርዝመት ወደ ግራና ቀኝ መንሸራተቱ አያስጨንቅም፤ እሱን ሞላ ያለው ሮንዴላ ይይዘዋል። የሚያሳስበው ከታች ወደ ላይ «ቀጭ» የሚለው ነው።

ሮከሩን አውጥተህ ሻፍቱን ዙሪያውን በጥፍርህ ዳብሰው። በተለይ ወደ ቴስታታው የሚያየውን ጎን። በአንዱ ጫፍ ፑሽ ሮዱ፣ በሌላው የቫልቩ ሞላ ሮከሩን ወደ ውጭ ስለሚገፉት ጫናው ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ጎን ነው። ከጀርባው ሲያዩት አዲስ የሚመስል ሻፍት በዚያ በኩል ተበልቶ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው። የሚታየውን ጎን አይቶ «ደህና ነው» ይላል።

ማይክሮሜትር ካለ የበለጠ ጥሩ። ሻፍቱ 18 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዝርዝር መጽሐፍ ባይኖርህም ሻፍቱ ራሱ መለኪያ ይሆንሃል። ሮከር የማይሽከረከርበትን ቦታ ለካ፣ ከዚያ ሮከር የሚሠራበትን ቦታ ለካ፣ ልዩነቱን እይ። ጥፍርህ እርከን ከያዘ ግን መለካትም አያስፈልግ፤ ሻፍቱ ይቀየር።

አሁን ዋናው ቅደም ተከተል። መጀመሪያ አዲስ ሻፍት አምጣ። አሮጌዎቹን ሮከሮች ታጥበው፣ ትንሽ ዘይት ተቀብተው አዲሱ ሻፍት ላይ አንድ በአንድ ሞክራቸው። አብዛኞቹ መወላገዱን ያቆማሉ። አዲሱ ሻፍት ላይም «ቀጭ» የሚል ካለ የዚያኛው ቀዳዳ አልቋል፤ እሱ ብቻ ይቀየር። ሁለት ሮከር መቀየር ሲበቃ ስምንት መግዛት የሚመጣው ይሄን ሙከራ ካለመሥራት ነው።

ቶርኖ ቤት ወስደህ ቀዳዳውን አስፍቶ ቡሽ (የብረት ቀለበት) ማስገባት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል። ነገር ግን የቮልስ ሮከር ሲሠራ ቡሽ የለውም፤ ዘይት የሚመጣበት ትንሽ ቀዳዳም አለው። ቡሹ ያንን ቀዳዳ ከደፈነው ሮከሩ በደረቁ ይሠራል። ከዚያ ጥሩ ያገለገለ ኦሪጅናል መፈለግ ይሻላል።

ምልክት፦ ሮከሩና ሻፍቱ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ሆነዋል

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይሄ ሮከር በመቀየር ብቻ የማይድን በሽታ ነው።

በቮልስ ዘይት ወደ ሮከር የሚደርሰው በፑሽ ሮድ ውስጥ ነው። ፑሽ ሮዱ እንደ ቧንቧ ክፍት ነው። ዘይቱ ከፑሽ ሮዱ ስር ካለው ታፔት ተነስቶ በፑሽ ሮዱ መሃል ይመጣል፣ የሮከሩ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በትንሿ ቀዳዳ ወደ ሻፍቱ ያልፋል። ከነዚህ አንዷ ከተደፈነች የዚያ ሮከር ዕጣ መድረቅ ነው።

ስለዚህ የተቃጠለ ሮከር ስታይ የራሱን ፑሽ ሮድ አንሳ። አንዱን ጫፍ በጣትህ ይዘህ በሌላው በኩል የኮምፕሬሰር አየር ልቀቅበት። አየሩ በደንብ ካልወጣ ቀጭን ሽቦ አስገብተህ ጥረገው፣ ከዚያ በነጭ ጋዝ እጠበው፣ እንደገና ንፋበት። ቀጥ ማለቱንም መስታወት ላይ አንከባልለህ እይ። የሮከሩንም ቀዳዳ እንዲሁ። ጥቁር ዝቃጭ ከወጣ ታፔቶቹም ሊፈተሹ ይገባል።

ዝቃጩ ከየት መጣ? ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የዘይት ፊልተር የለውም። ከስር ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ትንሽ ዘይት፣ ብዙ ሙቀት፣ ፊልተር የለም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ካልተቀየረና ወንፊቱ ካልታጠበ ቆሻሻው የሚጠራቀመው እንዲህ ባሉ ጠባብ መንገዶች ነው። ይሄን ሳታጸዳ አዲስ ሮከር ብትገጥም አዲሱም ይቃጠላል።

ቀለሙ የተለወጠውን ሮከር መመለስ ይቻላል? ቀለሙ ከላይ ብቻ የተጋገረ ዘይት ከሆነና ሲታጠብ ከለቀቀ፣ አዎ። ብረቱ ራሱ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ቀዳዳው ውስጥ የተቧጨረ መስመር ካለ ጣለው።

ምልክት፦ ድምፅ የለም፣ ክፍተቱ ግን እየጠበበ ይሄዳል

የሚጮኸው ቫልቭ ያናድዳል። ዝም ያለው ግን ነው ሞተር የሚጨርሰው። 0.15 ያሰርከው ክፍተት በሚቀጥለው ጊዜ 0.05 ሆኖ ካገኘኸው ሮከሩ ላይ ጣትህን አትቀስር። ሮከር ሲያልቅ ክፍተት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የሚጠበው ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ወይም ጭራው እየተሳበ ሲሄድ ነው።

በተለይ የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ተከታተል። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት በነበሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይጋርደዋል፤ ስለዚህ ከሁሉም ይግላል። እዚያ ክፍተቱ ደጋግሞ ከጠበበ ቫልቩ ተበጥሶ ፒስቶን ላይ ከመውደቁ በፊት ይቀየር። ተበጥሶ ከነበረ ደግሞ የዚያን ቫልቭ ሮከርና ፑሽ ሮድ አትመልስ። ስንጥቅ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ለአንድ ሮከር ብለህ አደጋውን አትሸከም።

አዲስ ካምሻፍት ከገባስ?

ካምሻፍት ቫልቮቹን በተራ የሚያስከፍተው ዘንግ ነው። «ካምሻፍት ከተቀየረ ሮከርም ይቀየራል» የሚል ወሬ አለ። ለቮልስ አይሠራም። እዚህ ካምሻፍቱን የሚነካው ታፔቱ ነው። አዲስ ካምሻፍት ካስገባህ የግድ አዲስ ታፔት ነው፤ ሮከሩ ግን ከካምሻፍቱ ጋር አይተያይም።

ወሬው የመጣው ካምሻፍታቸው ከላይ፣ ቴስታታው ላይ ከሆነ ሞተሮች ነው። የቶዮታ 22አር ሞተርን ብትወስድ፣ ሮከሩ በቀጥታ ካምሻፍቱን እየፈተገ ነው የሚሠራው። እዚያ የተበላ ሮከር በአዲስ ካምሻፍት ላይ ማሰር አዲሱን መግደል ነው። መካኒኩ የለመደው ያንን ሞተር ከሆነ ምክሩም ከዚያው ነው የሚመጣው።

ዕቃ ልትገዛ ስትወጣ

የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ የሚታየው ዕቃ ጥራቱ ከሰማይና ምድር የተራራቀ ነው። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ጎን ለጎን አድርገህ ሦስት ነገር እይ። የዘይቷ ቀዳዳ አለች ወይ? የፑሽ ሮዱ ጎድጓዳ ለስላሳ ነው ወይ? ርዝመቱስ እኩል ነው? የድሮው 1200 ሞተር ሮከር ይመሳሰላል፣ ግን ቫልቩን የሚከፍተው በትንሹ ነው። ከ1300 በላይ ያሉት የፑሽ ሮዱን እንቅስቃሴ 1.1 እጥፍ ያደርጉታል፣ የ1200ው ግን እኩል ለእኩል ነው። ተቀላቅሎ ከገባ ሲሊንደሮቹ እኩል አይተነፍሱም።

ለቡሎኑ ደግሞ ትንሽ ሞረድ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ። ጫፉ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለህ ሞክረው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው። ከፋቀ ፎርጅድ ነው፤ ለሻጩ መልስለት። ሻጩ ካኮረፈም ያኩርፍ።

ሲገጠም

የሻፍቱ መያዣዎች የተቆረጠው ጠርዛቸው ወደ ውጭ፣ ስንጥቃቸው ወደ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ፑሽ ሮድ በሮከሩ ጎድጓዳ ውስጥ መቀመጡን በጣትህ እያዞርክ አረጋግጥ፤ ዳዶ ስታስር የወጣ ፑሽ ሮድ ወዲያው ይጣመማል። ሁለቱን ዳዶዎች ተራ በተራ እያጠበቅህ እስከ 25 ኒውተን ሜትር ድረስ እሰር። ሮከሩን፣ ሻፍቱንና የፑሽ ሮዱን ጫፍ ዘይት ሳትቀባ አታስር፤ ከታች ዘይቱ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

ለማስተካከል ከአንደኛ ሲሊንደር ጀምር፤ ፒስቶኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስና ሁለቱም ቫልቮች ሲዘጉ። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ግማሽ ግማሽ ዙር ስታዞር ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ አራተኛ ይመጡልሃል። ቫልቮቹ በየጎኑ ዳር ላይ ያሉት የጭስ፣ መሃል ያሉት የአየር ናቸው።

500 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሞተሩን አሳድረህ ጠዋት ቀዝቃዛውን እንደገና ለካው። ሁሉም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ዕቃው እየተላመደ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ከሰፋ የዚያን ቡሎን ጫፍ አውጥተህ እይ፤ ከጠበበ ቫልቩን ጠርጥር።