ስፈጥን እስታለሁ፣ ሳነጣጥር እዘገያለሁ፦ የፕራክቲካል ሽጉጥ ውድድር ችግርና መፍትሄ

ፕራክቲካል ሽጉጥ ውድድር፣ ማለትም እየተንቀሳቀሱ የሚተኩሱበትና ፍጥነትና ትክክለኛነት አብረው የሚለኩበት ስፖርት ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ቅሬታ አለው። ሲፈጥን ይስታል፣ ሲያነጣጥር ሰዓቱ ይበላበታል። ከዚያ «ለየትኛው ልስራ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያለው ኢላማው ላይ ባሉት ቀዳዳዎችና ታይመሩ (ጮሆ የሚያስጀምረውና ሰዓት የሚይዘው መሣሪያ) ላይ በተመዘገበው ቁጥር ነው። ስሜት ብዙ ጊዜ ይዋሻል። «ዛሬ እሳት ነበርኩ» ብሎ የወጣ ሰው ውጤት ሲለጠፍ ከታች በኩል ራሱን ይፈልጋል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንያዝ። በዓለም አቀፉ የስፖርቱ ማኅበር በአይፒኤስሲም ሆነ እዚህ አሜሪካ በዩኤስፒኤስኤ፣ ያገኛችሁት ነጥብ ለወሰደባችሁ ሰከንድ ይካፈላል። ውጤቱ ሂት ፋክተር ይባላል። 9 ሚሊ ሜትር የምንተኩስ አብዛኞቻችን «ማይነር» ነን። የኢላማው መሀለኛ ክፍል አልፋ 5፣ ቀጥሎ ያለው ቻርሊ 3፣ የውጨኛው ዴልታ 1 ነጥብ ይሰጠናል። ጠንከር ባለ ጥይት «ማጀር» ለሚተኩሱት ቻርሊው 4፣ ዴልታው 2 ነው። ኢላማውን ጭራሽ የሳተ ጥይት «ማይክ» ይባላል፣ 10 ነጥብ ያስቀንሳል። መመታት የሌለበትን ኢላማ መምታትም እንደዚያው 10 ያስቀንሳል።

ሦስት ሰዎች ባለ 12 ጥይት ስቴጅ (ለብቻው ሰዓትና ነጥብ የሚያዝለት የውድድሩ አንድ ክፍል) ተኮሱ እንበል። ሦስቱም ማይነር ናቸው። የመጀመሪያው ተጠንቅቆ 12ቱንም አልፋ አደረገ፣ 8 ሰከንድ ፈጀ። 60 ለ8 ሲካፈል 7.5 ነው። ሁለተኛው 8 አልፋና 4 ቻርሊ በ6.5 ሰከንድ ጨረሰ። 52 ለ6.5፣ 8.0 ሆነለት። ሦስተኛው በ5.5 ሰከንድ በረረ። 6 አልፋ፣ 4 ቻርሊ፣ 1 ዴልታና 1 ማይክ አመጣ። ቅጣቱ ተቀንሶ 33 ነጥብ ለ5.5፣ 6.0 ብቻ። ጥንቁቁ ሁለተኛ ወጣ፣ ጥድፊያው ደግሞ መጨረሻ። ከታች የምታነቡት ሁሉ በዚህ ሂሳብ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ነገር ሳንረሳ። ቤት ውስጥ ያለ ጥይት ስትለማመዱ ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሽጉጡንና ካዝናውን ሁለት ጊዜ ፈትሹ። አፈሙዙ ጥይት ሊያስቆም ወደሚችል ግድግዳ ይዙር። ሜዳ ላይ ደግሞ እየተንቀሳቀሳችሁ፣ ካዝና እየቀየራችሁ ወይም የነከሰ ሽጉጥ እያስተካከላችሁ ጣታችሁ ከምላጩ መከለያ ውጭ ይሁን። አፈሙዙ 180 ዲግሪውን አልፎ ወደ ኋላ ከዞረ ወይም ሽጉጡ ከእጃችሁ ከወደቀ የዚያን ቀን ውድድር አለቀ፣ ወደ ቤት ነው።

«ጥይቴ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል»

ይህ የቀኝ እጅ ተኳሾች በሽታ ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይሆናል። ቀስ ብላችሁ ስትተኩሱ ላይታይ ይችላል፣ ስትፈጥኑ ግን ይወጣል።

ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ «ጣትህን ምላጩ ላይ በትክክል አላስቀመጥክም» ይላችኋል። ጥይቱ ካረፈበት ቦታ ተነስቶ ስህተቱን የሚነግር ክብ ሰንጠረዥ አውጥቶ የሚያሳይም አይጠፋም። ያ ሰንጠረዥ በአንድ እጅ፣ በዝግታ ለሚተኩስ ሰው የተሠራ ስለሆነ ለኛ ብዙም አይጠቅምም። ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ጣት ምላጩን ሲስብ መላው እጅ አብሮ ይጨብጣል። ወይም ሰውነት ርግጫው እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ሽጉጡን አስቀድሞ ወደ ታች ይገፋዋል። ጥይቱ ሲወጣ አፈሙዙ ቀድሞ ወርዷል።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ጓደኛችሁ ካዝናችሁ ውስጥ የማይፈነዱ የልምምድ ጥይቶች እየቀላቀለ ይሙላላችሁ። የት እንዳሉ እንዳታውቁ። አንድ በአንድ፣ በዝግታ ተኩሱ። ምላጩ ቢሳብም ጥይቱ ሳይፈነዳ ሲቀር አፈሙዙ ጎንበስ ካለ ጥፋተኛው ተያዘ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ተከታታይ ፈጣን ተኩስ ላይ ጎበዝ ተኳሽም ከጥይቱ በኋላ ሽጉጡን ወደ ታች ይመልሳል። ያ ርግጫውን መቆጣጠር ነው፣ ችግር አይደለም። በሽታው ከጥይቱ በፊት የሚመጣው ግፊት ነው።

መፍትሄው ምላጩን በጣም በዝግታ መሳብ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አልስማማም። በዝግታ መሳብ የሚያስተምረው በዝግታ መሳብን ነው። ውድድር ላይ ታይመሩ ሲጮህ የድሮው ልማድ ይመለሳል። ይልቅ በፍጥነት ስባችሁ ሽጉጡ እንዳይነቃነቅ ተለማመዱ። ቤት ውስጥ፣ ያለ ጥይት፣ ባዶ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩ። ጣታችሁ ምላጩን ሳይነካ ጠብቁ። ታይመሩ ድንገት ሲጮህ ድምፁ ሳያልቅ ምላጩን እስከመጨረሻው ሳቡ። ማነጣጠሪያው ተነቃነቀ? የረዳት እጃችሁን ጭበጣ ጨምሩ፣ የተኳሹን እጅ ትንሽ አላሉ፣ ጣቱ ብቻውን ይሥራ። እንደገና። አሰልቺ ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚከፍለው እሱ ነው።

ከዚያ ሜዳ ላይ በ7 ያርድ ያንኑ በአንድ አንድ ጥይት ድገሙት። ቀዳዳዎቹ ሲሰበሰቡ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

«የመጀመሪያው ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው የት እንደሄደ አላውቅም»

ፕራክቲካል ውድድር ላይ አብዛኛው የወረቀት ኢላማ ሁለት ጥይት ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ችግር ውጤታችሁን በግማሽ የሚነካ ነው።

ቀዳዳዎቹን አንብቡ። ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ ላይ ከሄደ ሽጉጡ ሳይመለስ ነው የተኮሳችሁት፣ ወይም የእጅ አንጓችሁ ላልቷል። በቀጥታ ወደ ታች ከሄደ ከመጠን በላይ እየገፋችሁት ነው። ወደ ጎን ከተበተነ ሁለቱ እጆች እኩል እየሠሩ አይደለም። ብዙ ጊዜ የረዳት እጅ ከእጀታው ላይ ይንሸራተታል። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር እጃችሁን እንደገና የምታስተካክሉ ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። የሚያልባችሁ ከሆነ እጅ የሚያደርቅ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ተቀቡ። በበጋው ሙቀት ይሄ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

አያያዙ እንዲህ ነው። የተኳሹ እጅ እጀታው ላይ የቻለውን ያህል ከፍ ይበል። የረዳት እጅ መዳፍ ባዶ የቀረውን የእጀታውን ጎን ይሙላ፣ አንጓው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቆለፍ። ክርኖች አይገተሩ። ክብደታችሁ ወደ ፊት ይምጣ። ሁለቱን እጆች እኩል ወደ ፊት የሚዘረጋው አቋቋም እንዲህ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮብ ሌተምና ብራየን ኢኖስ በዚህ አቋቋም ውድድሮችን ማሸነፍ ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ሰው ጎኑን ሰጥቶ፣ አንድ ክርን አጥፎ ነበር የሚተኩሰው።

ልምምዱ ቀላል ነው። በ5 ሜትር ላይ ሁለት ጥይት አከታትሉ። ሁለተኛውን ማነጣጠሪያው እስኪመለስ ሳትጠብቁ ልቀቁት። አራት ጥንድ ተኩሳችሁ ኢላማውን እዩ። ሽጉጡ በራሱ ወደ ቦታው የሚመለስ ከሆነ ስምንቱ ቀዳዳ ይጠጋጋል። ካልተመለሰ ጭበጣችሁን ቀይሩና ድገሙት። ሲስተካከል ወደ ቢል ድሪል እለፉ። ከአፎት አውጥቶ በ7 ያርድ 6 ጥይት። የዩኤስፒኤስኤ ኢላማ የአልፋ ክፍል 15 በ28 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስድስቱም እዚያ ውስጥ ካልገቡ ሰዓቱን አትዩት።

«ሽጉጡን ሳወጣ ቀይ ነጥቡ ይጠፋብኛል»

ኦፕቲክ (በመስታወት ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) የገዛ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። በብረት ማነጣጠሪያ ሽጉጡ ቢዛነፍም የፊተኛው ብረት ይታያል። ቀይ ነጥብ ግን ከመስታወቱ ከወጣ የለም። ሰው ሲደነግጥ አፈሙዙን እንደ ችቦ እያወዛወዘ ይፈልገዋል።

ምክንያቱ አወጣጡ ነው። በአብዛኛው አፈሙዙ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ይመጣል፣ ወይም ጭንቅላት ወደ ሽጉጡ ይወርዳል። ጭንቅላታችሁ ይቁም፣ ሽጉጡ ወደ ዓይናችሁ ይምጣ። ኢላማው ላይ አንድ ትንሽ ነጥብ ምረጡና ዓይናችሁን እሱ ላይ ትከሉ። ቀይ ነጥቡን አትከተሉት፣ እሱ ራሱ እይታችሁ ውስጥ ይግባ። ነጥቡን የሚያሳድድ ሰው ካለባችሁ፣ እሱም እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የመስታወቱን ፊት በፕላስተር ሸፍኑ። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ ኢላማውን ስታዩ ነጥቡ አሁንም ይታያል። ነጥቡን ፍለጋ ስታፈጡ ግን የምታዩት ፕላስተር ነው። በየቀኑ አጭር ጊዜ ይበቃል።

«ሁሉም አልፋ ነው፣ ግን መጨረሻ ነኝ»

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስተካክለው የተሳሳተውን ነገር ነው። ዘገየሁ ሲል ምላጩን ቶሎ ቶሎ መሳብ ይጀምራል። ሰከንዱ ግን የሚባክነው እዚያ አይደለም።

ባለ 32 ጥይት ረጅም ስቴጅ ውሰዱ። 16 ኢላማ፣ እያንዳንዱ ሁለት ጥይት። በሁለቱ ጥይቶች መካከል ያለው ጊዜ ከ0.25 ወደ 0.20 ሰከንድ ቢወርድላችሁ በጠቅላላው 0.8 ሰከንድ ታተርፋላችሁ። ለዚያውም በትልቅ ድካም፣ ምናልባትም በጥቂት ቻርሊ። ስቴጁ አምስት የመተኮሻ ቦታ ካለው ግን በየቦታው ግማሽ ሰከንድ ቀድማችሁ ብትጀምሩ 2.5 ሰከንድ አተረፋችሁ። አልፋችሁም አይነካም።

ቪዲዮ አስቀርጹ። ስልክ ይበቃል። ሳትተኩሱ የቆማችሁበትን ጊዜ ሁሉ ቁጠሩ። የምታገኙት ይህን ነው፦ ቦታው ከደረሳችሁ በኋላ ሽጉጡ ወገብ ላይ ነው፤ እግር ቆሞ ከዚያ እጅ ይነሳል፤ የመጨረሻውን ጥይት ተኩሳችሁ «ገባ ይሆን?» እያላችሁ ትዘገያላችሁ። ወደ ቦታው ስትቃረቡ ሽጉጡ ዓይናችሁ ፊት ይሁን። ኢላማው እንደታየ፣ ማነጣጠሪያው ከፈቀደ፣ ሁለቱም እግር እስኪተከል አትጠብቁ። ስትለቁም የመጨረሻውን ጥይት ክብደታችሁን ወደሚቀጥለው ቦታ እያዞራችሁ ተኩሱት፣ ኢላማው ቅርብ ከሆነ።

ከኢላማ ወደ ኢላማ መሻገሩም ያው ነው። ሽጉጡ ዓይንን ይከተላል። ሁለተኛው ጥይት ሲወጣ ዓይን የሚቀጥለው ኢላማ መሀል ላይ መድረስ አለበት። «ቡናማው ወረቀት» ላይ ሳይሆን የተወሰነ ነጥብ ላይ። ዓይን ሰፊ ቦታ ሲያይ ሽጉጡም ሰፊ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፣ ብዙ ጊዜም አልፎ ይሄድና ይመለሳል።

ካዝና መቀየርን በተመለከተ አጭር ነው። እየተራመዳችሁ ቀይሩ፣ ካዝናው የሚገባበትን ቀዳዳ በዓይናችሁ እዩት፣ ሽጉጡን ወደ ፊታችሁ ቅርብ አድርጉ። ቀሪው ድግግሞሽ ነው።

«ቻርሊ ባየሁ ቁጥር እጨምርበታለሁ»

አንዳንዱ ጥይት ይጨምራል፣ አንዳንዱ ማይኩን ጥሎ ይሮጣል። ሁለቱም ሂሳቡን ስላልያዙ ነው።

ስቴጁ ለእናንተ 6 ሂት ፋክተር ገደማ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ሰከንድ 6 ነጥብ ያወጣል። ማይክ 10 ቅጣትና ያጣችሁት 5 ነጥብ ነው፣ 15። ያ 2.5 ሰከንድ ማለት ነው። ተጨማሪ ጥይት 0.3 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፣ ያለ ጥርጥር ጨምሩ። ከቦታው ከወጣችሁ በኋላ ተመልሶ መምጣት ግን ሌላ ሂሳብ ነው። በማይነር ቻርሊን ወደ አልፋ መቀየር 2 ነጥብ፣ 0.33 ሰከንድ ያህል ነው። ከጨመራችሁት ጥይት ጋር እኩል ይወጣል። ስለዚህ ተዉት። ዴልታ 4 ነጥብ ያስከፍላል፣ በቅርብ ያለ ከሆነና ጥይቱ ሲወጣ ማነጣጠሪያው የት እንደነበር ካያችሁ ጨምሩ። ሂት ፋክተሩ ከፍ ባለ መጠን ሰከንዱ ይወደዳል፣ ዝቅ ባለ መጠን ነጥቡ ይወደዳል። 3 ሂት ፋክተር የሆነ፣ ኢላማው ሩቅና የተከለለ ስቴጅ ላይ መቸኮል ዋጋ የለውም።

ማይኩ የሚበዛው ሩቅና ግማሽ የተሸፈነ ኢላማ ላይ ከሆነ ደግሞ በቅርቡ ኢላማ ፍጥነት ስለተኮሳችሁት ነው። በ5 ሜትር ቀይ ነጥቡ ቡናማው ላይ ብልጭ ሲል ይበቃል። በ20 ሜትር ነጥቡ ቆሞ መታየት አለበት። ልምምድ ላይ ቅርብና ሩቅ ኢላማ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፍጥነት መቀያየሩን ተለማመዱ።

«ልምምድ ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ውድድር ላይ እበታተናለሁ»

ነርቭ ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እቅድ አለመያዝ ነው። ታይመሩ ጮሆ «አሁን ወዴት ነበር?» እያለ የሚያስብ ጭንቅላት ማነጣጠሪያውን አያይም።

ስቴጁን እንድታዩ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው። መጀመሪያ ኢላማዎቹን ቁጠሩ። ከዚያ አንድ መንገድ ምረጡ፣ ካዝና የምትቀይሩበትን ቦታ ወስኑ፣ ከዚያ በኋላ አትቀይሩት። የጓደኛችሁን የተሻለ እቅድ ሰምታችሁ በመጨረሻው ደቂቃ መለወጥ በጣም ያጓጓል፣ ብዙ ጊዜም ያስመታል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከመጀመሪያው ጥይት እስከ መጨረሻው ሳትደናቀፉ መሄድ እስክትችሉ ደጋግሙት። የሚጎድል ኢላማ ካለ አልያዛችሁትም።

«ሽጉጡ ይነክስብኛል»

ውድድር መሀል ሲቆም ካዝናውን ከስር መታ አድርጉ፣ የላዩን ብረት እስከ መጨረሻ ስባችሁ ልቀቁ፣ ቀጥሉ። ካልሠራ ካዝናውን አውጡና አዲስ አስገቡ። ቆማችሁ መመርመር አያስፈልግም።

ከውድድሩ በኋላ ግን መርምሩ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሽጉጡ ይልቅ በጥይቱ ወይም በካዝናው ይሆናል፣ በተለይ መሬት ላይ ወድቆ አሸዋ የገባበት ካዝና ከሆነ። እጃቸው ላልቶ የሚይዙ ሰዎችም ሽጉጣቸው ደጋግሞ ይቆምባቸዋል። ለመለየት እንዲቀል ካዝናዎቻችሁ ላይ ቁጥር ጻፉ። አንዱ ቁጥር ብቻ ደጋግሞ ከነከሰ አጽዱት፣ ምንጩን ቀይሩ። ከዚያም ከነከሰ ለልምምድ ብቻ ተጠቀሙበት እንጂ ቀበቶ ላይ ይዛችሁት እንዳትቀርቡ።