ፒያኖ ተጫዋች የእጅ አንጓውን ሲያመው፦ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ለኩ

ቀን ኮምፒውተር ላይ ውሎ ማታ ፒያኖ የሚለማመድ ሰው አንጓውን ሲያመው ጥፋቱን ፒያኖው ላይ ያላክካል። ልምምድ ያቆማል፤ ሕመሙ ግን አይለቀውም፤ ቀኑን ሙሉ እጁን የሚቆለምመው ጠረጴዛ አልተነካማ!

የአንጓ ጀርባ ማቃጠል፣ ከሰዓት በኋላ የክንድ መዛል፣ ማታ ኦክታቭ (እጅን ዘርግቶ በስምንት ነጭ ቁልፍ ስፋት ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ) ሲመታ መጠዝጠዝ

ደጋግሞ የሚመጣው ይኸኛው ነው። መንስኤው ቁመት ነው። የተለመደው ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር ግድም ይቆማል። የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫ 43 ከሆነና ክርናችሁ ከመቀመጫው 23 ከፍ ካለ፣ ክርኑ 66 ላይ ቀረ ማለት ነው። እጅ 9 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ የኪቦርዱ ውፍረት ደግሞ ሌላ 2 ይጨምራል። ትከሻ ይሰቀላል፣ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ጣት የሚያነሱት ጅማቶች ሲወጠሩ ይውላሉ። በዚህ ላይ የኪቦርዱን የኋላ እግሮች የሚዘረጋ አለ። እጠፏቸው! ለአንጓ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም።

ትከሻችሁን ጥላችሁ፣ ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ተቀመጡና ከወለል እስከ ክርን በሜትር ለኩ። ክርኑ ከኪቦርዱ ቁልፎች እኩል ወይም 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ወንበሩን አንሱ። እግር ከተንጠለጠለ ሁለት ደስጣ የፎቶኮፒ ወረቀት 10 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ፒስተኑ የደከመ የቢሮ ወንበር ጠዋት 52 ላይ ቆሞ ከሰዓት 47 ላይ ይገኛል፤ ፒስተኑ ይቀየር፣ ትራስ መደራረብ አያዋጣም።

ቁጥር መምቻ ያለው ኪቦርድ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ማውሱን ወደ ቀኝ ያርቀዋል፤ አንጓም ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይጣመማል። ቁጥር መምቻ የሌለውን ምረጡ። ላፕቶፕ ከሆነ ስክሪኑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጉና ሌላ ኪቦርድ ሰኩ። ጄል ያለው የማውስ ምንጣፍ ላይ እየሠራችሁ አንጓችሁን አትደገፉ፤ አንጓ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ የሚጫነው እሱ ነው።

በዚያው ሜትር ፒያኖውንም ለኩ። ቁልፎቹ 72 ግድም ላይ ናቸው፤ ከ43ቱ ወንበር የሚጫወት ሰው ያንኑ ስህተት ማታም ይደግመዋል።

ሌሊት አውራ፣ ሌባና መሃል ጣት መደንዘዝ

አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል። «ጅማቴ ዞረ» ብላችሁ ወጌሻ ጋ አትሂዱ! የተጨነቀን ነርቭ ማሸት ያብስበታል። ሌሊት ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ለ6 ሳምንት ያህል እሰሩ። ዕቃ ከእጅ መውደቅ ወይም የአውራ ጣት ሥር ሥጋ መሟሸሽ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ የነርቭ ሐኪም።

የደነዘዘው ትንሿ ጣት ከሆነ ክርናችሁን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አታስደግፉ።

በአውራ ጣት በኩል የአንጓ መውጋት

አውራ ጣትን ጨብጣችሁ አንጓውን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ዝቅ አድርጉ፤ በኃይል ከወጋ የአውራ ጣት ጅማት ሽፋን ተቆጥቷል። በስልክ በአውራ ጣት መጻፍና ኦክታቭ ለጊዜው ይቁሙ።

ሳያም ጣት በራሱ መታጠፍ

ብዙ አያጋጥምም፤ በጠረጴዛም አይስተካከልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፒያኖው ሊቅ ሊዮን ፍላይሸር ቀኝ እጅ የተያዘው በዚህ ነው፤ የነርቭ ሐኪም ይየው።