የአካባቢ ጋዜጣ ኩባንያ ሊወድቅ ሲል በምን ይታወቃል?

የአካባቢ ጋዜጣ በተዘጋ ቁጥር የምንሰማው ነገር አንድ ነው፤ «ሰው ማንበብ ትቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። ብዙዎቹን ትልልቅ ኩባንያዎች ያንኮታኮታቸው ግን በደጉ ጊዜ የተበደሩት ገንዘብ ጭምር ነው። ስለዚህ ልትቀጠሩበትም ይሁን አክሲዮን ልትገዙ፣ ወይም ስለ ኩባንያው ልትጽፉ ካሰባችሁ ከስርጭት ቁጥሩ አትጀምሩ። ከዕዳው ጀምሩ።

አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ከሆነ ዓመታዊ ሪፖርቱን ማንም ሰው ማግኘት ይችላል። የሊቀመንበሩን መልእክት እለፉትና ወደ ኋላ፣ ከሂሳቡ ጋር ወደተያያዙት ማብራሪያዎች ሂዱ። ሦስት ነገር ጻፉ፤ ዕዳው ስንት ነው? በዓመት ስንት ወለድ ይከፍላል? ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው መቼ ነው? ከዚያ ከሥራው የተገኘውን ትርፍ ከወለዱ ጋር አስተያዩት።

እንበልና ገቢው 100 ሚሊዮን፣ ወጪው 70 ሚሊዮን ነው። ትርፉ 30 ሆነ። ወለዱ 10 ከሆነ ሦስት ጊዜ ይሸፍነዋል፣ ደህና ይመስላል። አሁን ገቢው በ20 በመቶ ይውረድ። ማተሚያው፣ ማከፋፈያው፣ ደመወዙ ገቢ ስለቀነሰ ብቻ አይቀንሱም፤ ስለዚህ ትርፉ 10 ይሆንና አንድም ሳይቀር ለወለድ ይሄዳል። ገቢው በአንድ አምስተኛ ብቻ ነው የወረደው፣ ለጋዜጠኛና ለድረ ገጽ የሚተርፍ ግን ምንም የለም። ይህን ስሌት አንዴ በእጃችሁ ሥሩት፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው።

የብሪታኒያውን የጋዜጦች ኩባንያ ጆንስተን ፕሬስን ተመልከቱ። የጆንስተን ቤተሰብ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ፎልከርክ ከተማ፣ በ1767 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው የኅትመት ሥራ ነው። በ1988 አክሲዮኑ ለንደን ገበያ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ መግዛት ነው፤ በ2002 አንድ የክልል ጋዜጦች ቡድን በ560 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ2005 መጨረሻ ደግሞ ዘ ስኮትስማንንና እህት ጋዜጦቹን በ160 ሚሊዮን ፓውንድ። ያኔ ከየ100 ፓውንዱ ገቢ ከ30 በላይ ትርፍ ያስገባ ስለነበር አበዳሪ አልጠፋም። ማስታወቂያው ከ2008 ጀምሮ ሲናድ ዕዳው ግን አልለቀቀውም። በሰኔ 2019 መመለስ የነበረበትን 220 ሚሊዮን ፓውንድ ማደስ አቃተውና በኅዳር 2018 ኩባንያው በአበዳሪዎቹ እጅ ገባ። «አይ» የተባለው ብሔራዊ ጋዜጣ ለብቻው ከተሸጠ በኋላ የቀሩትን ጋዜጦች፣ ዘ ስኮትስማንን ጨምሮ፣ በ2020 መጨረሻ ለመሸጥ የተስማሙበት ዋጋ 10.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። አብዛኞቹ ጋዜጦች ግን ያኔ በየከተማቸው መውጣታቸውን አላቆሙም፤ የወደቀው ዕዳ የተከመረበት ኩባንያ ነው። በዚህ መሀል ሥራቸውን ላጡ ጋዜጠኞች አሁንም አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ያንን ግዢ የወሰኑት እነሱ አልነበሩም።

ስለዚህ ሁለተኛው ሥራችሁ የግዢ ታሪኩን መጻፍ ነው፤ ምን ገዛ፣ መቼ፣ በስንት፣ በማን ገንዘብ። የአሜሪካው ማክላቺ በ2006 ከራሱ የሚበልጠውን ናይት ሪደር የተባለ የጋዜጦች ኩባንያ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፣ በዚያ ላይ የ2 ቢሊዮን ዶላር ዕዳውንም ተረከበ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ የአሜሪካ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ ጣሪያ ነክቶ መውረድ የጀመረው ልክ በዚያው ሰሞን ነው። በ1857 የተመሠረተው ኩባንያ በየካቲት 2020 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። እዚያ የጡረታ ፈንዱም ትልቅ ሸክም ነበር። ሪፖርት ስታነቡ የጡረታ ጉድለቱን፣ ማለትም ለሠራተኞች ጡረታ ከተቀመጠው በላይ የሚፈለገውን ገንዘብ፣ ከባንክ ዕዳው ጋር ደምሩት፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ገቢውንም ከፋፍላችሁ እዩ። የድሮ ጋዜጣ የሚኖረው በሥራ፣ በቤትና በመኪና ጥቃቅን ማስታወቂያዎች ነበር። በ2000 የአሜሪካ ጋዜጦች ከዚህ ብቻ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ያገኙ ነበር፤ ከዚያ እንደ ክሬግስሊስት ያሉ ድረ ገጾች ያንኑ ማስታወቂያ በአብዛኛው በነጻ እያወጡ ወሰዱባቸው። ኩባንያው «የዲጂታል ገቢያችን በ20 በመቶ አደገ» ሲል መቶኛውን ተዉትና ገንዘቡን ጠይቁ። ከ5 ሚሊዮን ወደ 6 ሚሊዮን ማደግ 20 በመቶ ነው፤ በዚያው ዓመት ከወረቀቱ 15 ሚሊዮን ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ሪፖርት የማያወጣ የግል ኩባንያ ከሆነስ? ጋዜጣውን ራሱን አንብቡ። የሁለት ከተሞችን ጋዜጣ ጎን ለጎን አስቀምጡና ስንት ገጽ አንድ ዓይነት እንደሆነ ቁጠሩ። ፍርድ ቤትና የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ሪፖርተር መላኩ ቀርቷል? መሀል ከተማ ያለው ሕንጻ ተሸጧል? ማተሚያው ሌላ ከተማ ስለሄደ ምሽት የተደረገ ጨዋታ ውጤት በማግስቱ አይወጣም? አንዱ ብቻውን ብዙ ላይናገር ይችላል። ከእነዚህ ሦስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጡ ግን ገንዘብ አልቋል።

መውጫ የለም እያልኩ አይደለም። የአሜሪካው ጋዜጣ ሶልት ሌክ ትሪቢዩን በ2019 ለትርፍ ወደማይሠራ ድርጅትነት ተለወጠ፤ በ2021 ደግሞ ዕለታዊ ኅትመቱን ትቶ በወረቀት በሳምንት አንዴ መውጣት ጀመረ። ከባድ ውሳኔ ነው፣ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ የተቀነሰው ወረቀቱ እንጂ የጋዜጣው ህልውና አይደለምና። ትንሽ ጋዜጣ ይዛችሁ «ጎረቤቱን በብድር ግዛና እደግ» የሚል ምክር ከመጣባችሁ ያንን የ20 በመቶ ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ወለዱን መክፈል የማትችሉ ከሆነ አትግዙ።

ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ዕዳው የሚመለስበትን ቀን ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት። አንድ ዓመት ሲቀረው ብድሩ ካልታደሰ፣ የጡረታችሁ ገንዘብ የት እንደተቀመጠና በማን ስም እንዳለ በጽሑፍ ጠይቁ።